ተከለ፦ ከእንጦጦ ድንኳን እስከ እንግሊዝኛው ፕላንት

ተከለ ማለት የአንድን ነገር ጫፍ ወይም ሥር መሬት ውስጥ አስገብቶ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ማድረግ ነው። ችግኝ ይተከላል፤ ምሰሶ፣ አጥር፣ ድንኳንና ሐውልትም ይተከላሉ። ቃሉ ሲጠራ ቀድሞ ትዝ የሚለው ዛፍ ይሁን እንጂ ግሡ የአትክልተኛ ብቻ ሆኖ አያውቅም። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሠው ኢዛና በግዕዝ ባስቀረጸው ጽሑፍ ከድል በኋላ ተከልኩ ያለው መንበር ነው። በትግርኛ ግሡ ተኸለ፣ ስሙ ተኽሊ ነው። በአማርኛ ተክል፣ አትክልት፣ ተካይ፣ ተከላ ሁሉ ከዚሁ ሥር የበቀሉ ናቸው። በጢያ ቆመው የሚታዩት ጥንታዊ ድንጋዮችም ትክል ድንጋይ ይባላሉ። ተክለ ሃይማኖት ሲባል ደግሞ የሃይማኖት ተክል ማለት ነው። በአንጻሩ ተክሊል በድምፅ ቢመስልም ዘመድ አይደለም፤ ከአክሊል ጋር የሚሰለፍ፣ ዘውድ መድፋትን የሚናገር ቃል ነው።

የግሡን ስፋት በአንድ ቦታ ለማየት እንጦጦን የሚያህል ተራራ ማግኘት ያስቸግራል። ዳግማዊ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1870ዎቹ ከተማቸውን እዚህ አደረጉ። በዚያ ዘመን የነገሥታት ከተማ በአብዛኛው ሠፈር ነበር፤ የንጉሡ ድንኳን ሲተከል ከተማ ይሆናል፣ ሲነቀል ቦታው ሜዳ ይሆናል። የተከለ ተቃራኒ ነቀለ የሆነውም ለዛፍና ለድንኳን እኩል ነው። በዚያው ተራራ ላይ እንጦጦ ማርያም ተተከለች። ቤተ ክርስቲያን ሲመሠረት ተተከለ የሚባለው በነባሩ የቤተ ክህነት አነጋገር ነው፤ ደብር የሚተከለው እንዳይነቀል ታስቦ ነውና በዚህ አገባቡ ግሡ የዘላቂነት ክብደት ያገኛል። የሆነውም ይኸው ነው። እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ ካሉት ከ1879 ዓ.ም. ወዲህ ቤተ መንግሥቱ ከተራራው እየተነቀለ ወረደ። ምኒልክ ግን ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት እዚያው ማርያም ነው፤ ደብሯም ዛሬ በቦታዋ አለች። በዚሁ ሰንሰለት በምሥራቅ በኩል፣ የካ ተራራ ላይ ያለው ዋሻ ሚካኤል ግን ከአለት የተፈለፈለ ስለሆነ አሠራሩ ሲነገር ተከለ የሚለው ግሥ አይስማማውም። የተተከለ ነገር ከውጭ መጥቶ የገባ ነው፤ ዋሻው ግን ከተራራው ከራሱ የወጣ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው የእንጦጦ ተከላ የባሕር ዛፍ ነው። የጽዱ ደን ለማገዶና ለቤት እያለቀ ሲሄድ ከተማው እንደገና ወደ ሌላ ቦታ፣ ወደ አዲስ ዓለም፣ ሊነቀል ታስቦ ነበር። በ1887 ዓ.ም. አካባቢ ከአውስትራሊያ ዘሩ የመጣው ዛፍ ግን በጥቂት ዓመታት ለማገዶ የሚደርስ ሆኖ ተገኘ፤ ከባሕር ማዶ በመምጣቱም ባሕር ዛፍ ተባለ። የዛፉ መተከል የከተማውን መነቀል አስቀረ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ተከለ ከዘራ የሚለይበት ድንበር ጥብቅ ነው። ጤፍና ስንዴ ይዘራሉ፤ እጅ በትኗቸው ያልፋል። ቡና፣ ጌሾ፣ እንሰትና ባሕር ዛፍ ግን አንድ በአንድ ጉድጓድ ተቆፍሮላቸው ይተከላሉ። በእንግሊዝኛ ፕላንት የሚለው ግሥ ይህን ድንበር አያከብርም፤ ስንዴም በቆሎም ፕላንት ይደረጋሉ። ስለዚህ ከእንግሊዝኛ የሚተረጉም ሰው ቃሉን ባየ ቁጥር ተከለ ካለ ስንዴን እንደ ችግኝ ጉድጓድ ውስጥ ያቆማል።

የእንግሊዝኛው ቃል መነሻ ላቲን ነው። ፕላንታ በላቲን ለመትከያ የሚቆረጥ ቀንበጥ ነው፤ የእግር መርገጫም፣ ማለትም ውስጥ እግር፣ በዚሁ ቃል ይጠራል። ሁለቱን የሚያገናኘው ተካዩ በችግኙ ዙሪያ አፈሩን በእግሩ መርገጡ ነው የሚል ማብራሪያ በሰፊው ይሰጣል፤ በክረምት ጭቃ ላይ ችግኝ የተከለ ሁሉ የሚያውቀው እንቅስቃሴ ነው። ቃሉ ጥንት ወደ እንግሊዝኛ ከገባ በኋላ መንገዱ ከአማርኛው ተለየ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የእንግሊዝ መንግሥት ሰሜን አየርላንድ ላይ ሰፋሪዎችን ሲያኖር ድርጊቱን በዚህ ቃል ጠራው፤ አማርኛ ግን ሰውን በአብዛኛው ያሠፍራል እንጂ አይተክልም። ቆይቶም ፕላንት ፋብሪካ ሆነ። በአማርኛ ፋብሪካ ይተከላል፣ ማሽን ይተከላል፤ ተክል የሚለው ስም ግን ሕይወት ላለው ብቻ ተጠብቆ ቀርቷል።

ሌሎች ቋንቋዎች ከአማርኛው ይቀርባሉ። በመዝሙረ ዳዊት ጆሮን የሚተክለው እግዚአብሔር ነው፤ የዕብራይስጡ ግሥ ናጣዕ ለወይን ተክልም ለድንኳንም ያገለግላል። በኦሮምኛ ዻቡ ዛፍ መትከል ነው፣ ማቆምም ነው፣ መመሥረትም ነው፤ ዻበታ፣ ማለትም ድርጅት ወይም ተቋም፣ የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። አንድ ቦታ ደርቆ የቆመ ሰው በአማርኛ ተተክሎ ቀረ ይባላል፤ ፈረንሳዮችም ፕላንቴ ብለው ይህንኑ ሰው ይገልጹታል።

ግሡ በእንጦጦ ሥራ አልፈታም። 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ጉብታ ላይ መስተዋታቸው አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት መረጃ መቀበያም እዚያው ነው የተተከለው። ከተራራው ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች ግን ስለ ብዙዎቹ ዛፎች ሌላ ግሥ ያስፈልጋቸዋል። ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው እንደገና ይወጣል፤ ያን ጊዜ የሚባለው ተተከለ ሳይሆን አቆጠቆጠ ነው።