ነጭ ዓሣ ወንዝ በሚወጣበት ወራት

በመስከረም መጨረሻ ከየካ በላይ ያለውን ዳገት ወጥተው እንጦጦ ጫፍ ላይ የቆሙ ሰው የሁለት ታላላቅ ተፋሰሶችን ድንበር ረግጠዋል። ከሸንተረሩ በስተ ደቡብ የዘነበው ዝናብ በቀበና በኩል ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂም ወደ አዋሽ ይገባና ቆቃ ሐይቅ ይደርሳል። በስተ ሰሜን የወረደው ደግሞ የሱሉልታን ሜዳ አቋርጦ ሙገርን፣ ሙገር ደግሞ ዓባይን ያገኛል። የእንጦጦ ጀርባ ውኃና የጣና ውኃ የሚገናኙት እዚያ፣ በዓባይ በረሃ ውስጥ ነው።

ውኃው ይገናኝ እንጂ ዓሣው አይገናኝም። ከሙገር ተነሥቶ ዓባይን ሽቅብ የሚዋኝ ዓሣ መጨረሻው ጢስ ዓባይ ነው፤ 40 ሜትር ያህል የሚወረወረውን ፏፏቴ ሊወጣው አይችልም። ጣና በታች ካለው ዓለም ተለይቶ የራሱን ዓሣ ያፈራው በዚህ ምክንያት ነው።

ሐይቁ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ግን እጅግ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው። አስጋሪዎች መረባቸውን ሲስቡ የሚያገኟቸውን ዓሦች በሦስት ስም ይጠሯቸዋል፤ ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በሌሎች ሐይቆቻችንም እናገኛቸዋለን። ነጭ ዓሣ የሚባለው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። የኔዘርላንዱ ዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አፉን፣ ጭንቅላቱንና የሚበላውን እየለዩ ሲያጠኑት 15 ያህል ዝርያዎች ሆኖ አገኙት። ከእነዚህ ውስጥ 8ቱ ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚኖሩ ናቸው። ነገሩን አስደናቂ የሚያደርገው የዚህ ዓሣ ዘመዶች በሙሉ መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የሌላቸው መሆኑ ነው፤ ጥርሳቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ያለ መንጋጋ ጥርስ አዳኝ መሆን ከባድ ሥራ ነው፤ በጣና ግን ተቻለ። በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ ውስጥ ይኖር የነበረው ተመሳሳይ የዝርያዎች ስብስብ ከጠፋ ወዲህ በዓለም ላይ የቀረው የጣናው ብቻ እንደሆነ ይነገራል። አገራችን ከያዘቻቸው የተፈጥሮ ሀብቶች መካከል ይህን ከዋልያ አሳንሼ አላየውም።

አሁን ወደ ወራቱ እንምጣ። ክረምቱ ሲበረታ፣ ከሐምሌ ጀምሮ እስከ ጥቅምት፣ ከነጭ ዓሣ ዝርያዎች ግማሽ ያህሉ ሐይቁን ትተው ወደ ወንዞች ይወጣሉ። ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ዋና ዋና መንገዶቻቸው ናቸው። እንቁላላቸውን የሚጥሉት ንጹሕ ውኃ በሚፈስበት ጠጠር ላይ ነው፤ ደለል ከለበሰው እንቁላሉ አየር አጥቶ ይሞታል። ስለዚህም ከየተራራው የሚታጠበው አፈር የገበሬው ጉዳት ብቻ አይደለም።

ወንዝ ከመግባታቸው በፊት ወንዙ ሐይቁን በሚቀላቀልበት አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። አስጋሪውም ይህን ያውቃል። መረቡን አመሻሽ ላይ በዚያ አፍ ፊት ይዘረጋል፤ ዓሣው ጭንቅላቱን በመረቡ ዓይን ያሾልክና ወደ ኋላ ልመለስ ሲል ስንጥቡ ክሩ ላይ ይያዛል፤ ጧት መረቡ ይነሣል። በሌላ ወር ሐይቁን ሙሉ ሲዞር ቢውል የማያገኘውን በአንድ ሌሊት ያገኛል። ልጆች የሚያሳድግ ሰው ይህን ቢያደርግ አልፈርድበትም። ሆኖም የተያዘው ዓሣ እንቁላሉን ገና ያልጣለ ነው።

በሐይቁ ዳር በሚኖሩት በወይጦዎች የደንገል ታንኳ ዘመን ዓሣ ማስገሩ በአብዛኛው ከዳርቻው አይርቅም ነበር። በ1978 ዓ.ም. ገደማ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ሲገቡ ራቅ ያሉት የወንዝ አፎች ሁሉ ቅርብ ሆኑ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የተደረገው ጥናት እንዳሳየው ወንዝ የሚወጣው ነጭ ዓሣ ክብደቱ ተለክቶ ሲታይ በአንድ ዐሥርት ዓመት ውስጥ ወደ ሦስት አራተኛው ጠፍቷል። በገባር ወንዞቹ ውስጥ ደግሞ ከመረብ የከፋ ነገር አለ። ብዙዎቻችን በጥላው የምናውቀው የብርብራ ዛፍ ፍሬው ተወቅጦ ውኃ ላይ ሲበተን ዓሣውን ያሰክራል። በፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን የሚባል መርዝ ዓሣው በኦክስጅን እንዳይጠቀም ስለሚያግደው ትልቁም ጫጩቱም አንድ ላይ ይንሳፈፋል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ የሚባለው አረም የሐይቁን ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ የመገጭን አፍ ጭምር፣ ወሮታል።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ቆይቷል። የጎደለው የወንዝ አፎቹን በእነዚያ ጥቂት ወራት የሚጠብቅ ሰውና ለአስጋሪው በዚያ ጊዜ የሚተካለት ገቢ ነው።

ሾላ ገበያ ወይም መገናኛ አካባቢ ዓሣ የሚገዙ አንባቢስ ምን ያድርጉ? መጀመሪያ ይለዩ። አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ ጭንቅላቱ ጠፍጣፋ፣ አፉ ዙሪያ ረጃጅም ጢም ያለው ነው። ቆሮሶ ሰውነቱ ሰፋ ያለ፣ የጀርባ ክንፉ ረጅምና እሾሃም ነው። ነጭ ዓሣ ቅርፊቱ ትልልቅና የሚያብረቀርቅ፣ ጅራቱ ሁለት ላይ የተሰነጠቀ፣ ሥጋው ውስጥ ደቃቅ አጥንት የሚበዛበት ነው። ትኩስ መሆኑን ለማወቅ ስንጥቡን ገልጠው ቀይ መሆኑን፣ ዓይኑም ጥርት ብሎ ወጣ ማለቱን ይመልከቱ።

ከዚያ ከየት እንደመጣ ይጠይቁ። የጣና ነጭ ዓሣ ከሆነና ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ሆዱ በእንቁላል ተወጥሮ ካገኙት ይተዉት፤ በምትኩ ቆሮሶ ይግዙ። ቆሮሶ ሐይቁ ዳር በዓመት ደጋግሞ ይራባል፤ እናቲቱ እንቁላሉንና ጫጩቶቹን በአፏ ይዛ ስለምትጠብቅ በአንድ ወንዝ አፍ በአንድ ሌሊት የሚያልቅ ዘር አይደለም። ነጭ ዓሣውን ከኅዳር በኋላ፣ ወደ ሐይቁ ሲመለስ ይብሉት።