የታመነ ነጋዴ ስሙ ከአገሩ ወዲያ እንዲታወቅ
(ስለ ብድር መረጃ ጥቅምና ጥንቃቄ)

«ብድር በምድር» ይላል ያገራችን ሰው። ነገር ግን ተበዳሪው ብድሩን የሚመልስ ሰው መሆኑን አበዳሪው አስቀድሞ በምን ያውቃል? በዚህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ በመጠኑ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በራቤል ከተማችን ይህ ጥያቄ አያስቸግርም። ባለሱቁ ዕቃ በዱቤ ሲሰጥ የገዢውን ቤት፣ አባቱንና የቃሉን አያያዝ ያውቃል። እቁብም ቢሆን እንዲሁ ነው። ዳኛውና ጸሐፊው ማን በቀኑ እንደሚጥልና ማን እንደሚያጓትት ያውቃሉ፤ ዕጣው ቀድሞ የወጣለትም ዋስ ይጠራል። ችግሩ የሚጀምረው ነጋዴው ከሚያውቁት ሰዎች ርቆ ሲሄድ ነው።

አጎቴ በግ ነጋዴ ነው። ከአንድ አበዳሪ ሦስት ጊዜ ተበድሮ ሦስቱንም በቀጠሮው ከፈለ። ንግዱን ለማስፋት ወደ ሌላ አበዳሪ በሄደ ጊዜ ግን ተበድሮ እንደማያውቅ ሰው ተቆጥሮ ቤት እንዲያስይዝ ተጠየቀ። ያ መልካም ስሙ በመጀመሪያው አበዳሪ መዝገብ ውስጥ ተዘግቶ ቀርቶ ነበር። ሁለተኛው አበዳሪም የማያየውን ነገር ሊያምን አልቻለም።

ይህን ነገር ጆሴፍ ስቲግሊትዝና አንድሩ ዋይስ የተባሉ የኤኮኖሚ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1981 አስረድተውታል። አበዳሪ ታማኙን ከማይታመነው መለየት ሲያቅተው ወለዱን በሁሉም ላይ ከፍ ቢያደርግ ጠንቃቃው ሰው ይሸሻል፤ ዕዳውን እንደ ቁማር የሚያይ ይቀራል። ስለዚህ አበዳሪው ወለድ ከመጨመር ይልቅ ብዙውን ሰው መከልከል ይመርጣል። ስቲግሊትዝ እ.ኤ.አ. በ2001 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

በሌላው ዓለም ይህ ሥራ ከተጀመረ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1837 አሜሪካን ታላቅ የገንዘብ ቀውስ ካገኛት በኋላ ሉዊስ ታፓን የተባለ ነጋዴ በ1841 በኒውዮርክ አንድ ድርጅት አቋቋመ። በየከተማው ያሉ ወኪሎቹ፣ ይልቁንም ጠበቆች፣ ስለ ነጋዴዎች አመል፣ ሀብትና አከፋፈል ይጽፉለት ነበር። ሥራው ለንግድ ጠቀመ፤ ዳሩ ግን ሐሜትም በመዝገቡ ውስጥ ይገባ ነበር።

በአገራችንም ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2012 ስለ ብድር መረጃ ማዕከል መመሪያ አውጥቷል። አሠራሩ ይህን ይመስላል። አበዳሪዎች ማን ስንት እንደ ተበደረና እንዴት እንደ ከፈለ ለማዕከሉ ያስታውቃሉ፤ አዲስ ብድር ሲጠየቁም ከማዕከሉ ጠይቀው ይመለከታሉ። ከዚህ አስቀድሞ በክልላችን የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ)፣ ማለት እ.ኤ.አ. በ2022 ፀደይ ባንክ የሆነው፣ ለድኻው በቡድን ዋስትና ሲያበድር ነበር። በዚያ አሠራር መረጃው ጎረቤት ነው፤ ዋሱም ጎረቤት ነው። የማዕከሉ መዝገብ ግን ያንኑ የጎረቤት ምስክርነት ወደ ሩቅ አገር የሚያደርስ ነው ማለት ይቻላል።

ሆኖም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በመጀመሪያ የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ስለ ሆነ ሞክሼው ብዙ ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ አንዱ ስም በሦስት ዓይነት ይጻፋል። ያንዱ ዕዳ በሌላው ስም እንዳይመዘገብ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የፋይዳ መታወቂያ ይረዳሉ። ሁለተኛ፣ መጥፎው ብቻ ሳይሆን መልካሙም መጻፍ አለበት። ያልከፈለው ብቻ የሚጻፍበት መዝገብ እንደ አጎቴ ላለ ሰው ምንም አይጠቅመውም። ሦስተኛ፣ ባለቤቱ ስለ ራሱ የተጻፈውን ጠይቆ ማየትና ስሕተት ቢኖር ማሳረም ይገባዋል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ይህን መብት ይሰጣል።

የቤታችን ሥራም አለ። እቁብና የሱቅ ዱቤ፣ ምንም ያህል በታማኝነት ቢከፈሉ፣ ወደ ማዕከሉ አይደርሱም። ስለዚህ ወላጆቻችን የከፈሉበትን ደረሰኝ ቢያስቀምጡ፣ የገዙትንና የሸጡትን በደብተር ቢጽፉ፣ ስማቸውንም በየቦታው ባንድ ዓይነት ቢያስጽፉ ይጠቀማሉ። መዝገብ መያዝ ግብር ያስጨምራል ብለው የሚፈሩ አሉ። ያልተጻፈ ንግድ ግን ለግብር ሰብሳቢውም ለአበዳሪውም በግምት የሚታይ ነው፤ ግምትም ሁልጊዜ ለነጋዴው አያደላም።

እኛ ተማሪዎች ሒሳብና ጽሕፈት ተምረናል። በገበያ ቀን ማታ ሩብ ሰዓት ያህል ከወላጆቻችን አጠገብ ተቀምጠን የዕለቱን ሒሳብ ብንጽፍላቸው ትምህርታችን ከክፍል ወጥቶ ፍሬ ያፈራል። በበግና በገብስ ንግድ ለፍቶ የሚያድር የአገራችን ሰው የሚያስይዘው ትልቅ ቤት ባይኖረውም የጠበቀው ቃል አለው። ያ ቃል ተጽፎ ሲገኝ ዋስ ይሆነዋል።