አልከፈት ያለ የመኪና ኮፈን

የመኪና ኮፈን አልከፈት ሲል ብዙ ሰው ካቻቢቴ አንሥቶ ሊፈለቅቀው ይቸኩላል። ጕዳቱ ግን ከድካሙ ይበልጣል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1962 ለገበያ የቀረበችውን ኤም ጂ ቢ የተባለችውን የስፖርት መኪና እንመልከት። የቀደሙቱ ኮፈን ከአሉሚኒየም የተሠራ ስለ ሆነ በቀላሉ ይጐደጕዳል።

አሠራሩ እንዲህ ነው፤ በኮፈኑ ሥር ያለው ባለ ሞላ ዘንግ ከፊት በኩል ወደ መቈለፊያው ይገባል። ከነጂው ክፍል እጀታው ሲሳብ ሽቦው መቈለፊያውን ያላቅቃል። ሽቦው ከላላ ወይም መቈለፊያው ከዛገ ግን ዘንጉ አይለቅም።

እንግዲህ መፍትሔው ወደ ላይ መጐተት ሳይሆን ወደ ታች መጫን ነው። አንዱ ሰው እጀታውን ስቦ ይያዝ፤ ሁለተኛው ከመቈለፊያው በላይ በመዳፉ ቀስ ብሎ ተጭኖ ይልቀቅ። ጭነቱ ሲቀልለት ዘንጉ ይወጣል። ከዚያም የመጠባበቂያውን መንጠቆ በጣት ፈልጎ ማላቀቅ ነው። እጀታው ተሰብሮ እንደ ሆነ የሽቦውን ጫፍ በፒንሳ ይዞ መሳብ ይቻላል።

ከተከፈተ በኋላ መቈለፊያውን ጠርጎ ዘይት መቀባት፥ ሽቦውንም ማስተካከል ይገባል። መንጠቆውንም ሳይመረምሩ አይነዱ፤ ይህ ኮፈን ማጠፊያው ከኋላ ስለ ሆነ፥ በጕዞ ላይ ቢነሣ መንገዱን ከነጂው ዓይን ይጋርዳልና።