ሳያዳምጡ አይግዙ
ለቤተሰብ የሚሆን የድምፅ መሣሪያ አመራረጥ

ፈረስ የሚገዛ ሰው ሳይጋልብ ዋጋ አይቆርጥም። በሬ የሚገዛም ጥርሱን ያያል፤ ወዲያ ወዲህ አስኪዶ እርምጃውን ይመለከታል። ገብስ የምትሸምት እናት ከጆንያው አፍ ብቻ አትዘግንም፤ እጇን ወደ ውስጥ ሰድዳ ታወጣለች። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ገበያተኛ በዚህ አይታማም። ይኸው ጠንቃቃ ሰው ወደ ኤሌክትሮኒክስ መደብር ሲገባ ግን በካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር ዐይቶ ገንዘቡን ቆጥሮ ይወጣል። የገዛው መሣሪያ እንዴት እንደሚናገር የሚሰማው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው።

ጉዳዩ የቅንጦት ይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ ከነፋስ መውጫ፣ ከአርብ ገበያ፣ ከወገዳ ወይም ከመካነ ኢየሱስ ተነሥቶ ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ የገዛ አባወራ፣ ዕቃው ባይሆነው ለመመለስ ሌላ የመንገድ ወጪና ሌላ የሥራ ቀን ይጠብቀዋል። ገንዘቡም ለልጆች ደብተርና ልብስ፣ ለበዓልም ይውል የነበረ ነው። ስለዚህ ከመግዛት በፊት የሚጠፋው አንድ ሰዓት የባከነ አይደለም።

ሪሲቨር ምንድን ነው?

በአገራችን “ሪሲቨር” ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የዲሽን ሳጥን ነው። እዚህ የምንናገረው ግን “የቤት ሲኒማ” እየተባለ ለሚሸጠው ስብስብ እምብርት ስለሆነው ማጉያ ነው። ይህ መሣሪያ ከቴሌቪዥን፣ ከዲሹ ሳጥን፣ ከሬዲዮ ወይም ከስልክ የሚመጣውን ድምፅ ተቀብሎ ያጎላና ለስፒከሮች ያከፋፍላል። “5.1” የሚባለው አምስት ስፒከሮችንና ጎርናና ድምፅ የሚያወጣ አንድ ሳጥን የሚያሠራ ነው። ከአምስቱ መካከል ለቤተሰብ ከሁሉ የሚጠቅመው በቴሌቪዥኑ ሥር የሚቀመጠው የመሐሉ ነው፤ በፊልምም ሆነ በዜና የሰው ንግግር በአብዛኛው የሚወጣው ከእርሱ ነውና።

የዋቱ ነገር

ካርቶኑ ላይ 1,000 ወይም 3,000 ዋት ተብሎ አጠገቡ “ፒ.ኤም.ፒ.ኦ.” የሚል ካለበት፣ ቁጥሩ ለማስታወቂያ የተጋነነ ነውና እርሱን ይለፉት። መጠየቅ ያለበት “አር.ኤም.ኤስ.” የሚባለው፣ ይኸውም መሣሪያው ሳያቋርጥ የሚሰጠው ኃይል ነው። እዚህም ላይ ሁለት ጥያቄ ይጨመር። የተለካው ሁለት ስፒከር ብቻ ሲሠራ ነው ወይስ አምስቱም አብረው ሲሠሩ? ድምፁ ጥርት ብሎ ሳለ ነው ወይስ 10 በመቶ ያህል ከተበላሸ በኋላ? መልሱ የሚገኘው ከመሣሪያው ጋር በሚመጣው መጽሔት ውስጥ ነው።

ደግሞም ዋት በእጥፍ ሲጨምር ድምፅ በእጥፍ አይጨምርም። ከ50 ዋት ወደ 100 ዋት መሄድ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህም ጆሮ በጥቂቱ የሚለየው ነው። ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ወደ ዐሥር እጥፍ የሚጠጋ ኃይል ያስፈልጋል። አራት በአምስት ሜትር በሆነ ሳሎን በተለመደው የድምፅ መጠን ለማዳመጥ ጥቂት ዋት ይበቃል። እንግዲህ ለትልቅ ቁጥር ተብሎ የሚጨመረው ብር ለጥሩ ስፒከር ቢውል ይሻላል። ሆኖም በስፒከሩ ጀርባ የተጻፈው “ኦም” ሪሲቨሩ ከሚፈቅደው ዝቅ ያለ እንዳይሆን መመልከት ይገባል፤ ዝቅ ካለ መሣሪያው ከመጠን በላይ ይግላል።

በመደብሩ ውስጥ

ወደ መደብር ሲሄዱ ደጋግመው የሰሙትን፣ ድምፁን በሚገባ የሚያውቁትን ቅጂ በፍላሽ ወይም በስልክ ይያዙ። ያለ መሣሪያ የሚሰማ የሰው ድምፅ ከሁሉ የተሻለ መፈተኛ ነው። ሁልጊዜ የሚያዳምጡት የቁርኣን ቲላዋ የቃሪኡን እስትንፋስና የእያንዳንዱን ፊደል አወጣጥ ጥርት አድርጎ ካሰማ፣ ያ መሣሪያ ለንግግርም ይሆናል። የመንዙማ ድቤ ደግሞ ጎርናናውን ድምፅ ይፈትናል፤ ድቤው ተመትቶ ወዲያው ማቆም አለበት እንጂ እንደ ባዶ በርሜል መጎተት የለበትም።

ሁለት መሣሪያ ሲያወዳድሩ በአንድ ዓይነት ስፒከርና በእኩል መጠን ይሁን። በጥቂቱ ከፍ ብሎ የተከፈተው ምንጊዜም የተሻለ መስሎ ይሰማል፤ ይህ የጆሮ ጠባይ ነው። ቀጥሎ ድምፁን በጣም ዝቅ አድርጉና ዜና አሰሙ። ሽማግሌዎች በዕድሜ ብዛት በቅድሚያ የሚያጡት ቀጭኑን ድምፅ በመሆኑ፣ አያት ካሉ እርሳቸው ቃሉን መለየት አለመለየታቸው ትልቅ ምስክር ነው። ከዚያም ምንም ሳይጫወት ቁልፉን ከፍ አድርጉ፤ የሚያፏጭ ወይም የሚያጉረመርም ከሆነ ሌሊት ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ ይበልጥ ይሰማል። በመጨረሻ ሩብ ሰዓት ያህል ያለማቋረጥ አዳምጡ። ጆሮ የሚያደክም መሣሪያ በመጀመሪያው ደቂቃ ደማቅ፣ በዐሥረኛው አሰልቺ ነው።

ሶኬቶቹንም እዩ። የቴሌቪዥኑ “ኤችዲኤምአይ” ላይ “ኤ.አር.ሲ.” የሚል ጽሑፍ ካለ በአንድ ገመድ ድምፁ ወደ ሪሲቨሩ ይመለሳል። ቴሌቪዥናችሁ የቆየ ከሆነ ቀይ፣ ነጭና ቢጫ ገመድ የሚቀበል መሆኑን አረጋግጡ።

ቤቱና አገሩ

ከውጭ አገር ዘመድ የሚልከው መሣሪያ ሲሆን መጀመሪያ የሚታየው በጀርባው ያለው የቮልት ጽሑፍ ነው። የኛ አገር መብራት 220 ቮልት ነው፤ ከአሜሪካ የመጣ 120 ቮልት ብቻ የሚል ዕቃ ያለ መቀነሻ ትራንስፎርመር ከተሰካ ይቃጠላል። መብራቱ ከፍና ዝቅ በሚልበት ቦታም ስታቢላይዘር ያስፈልጋል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ከፍታ ነው። በአንዳንድ መሣሪያዎች ላይ ከ2,000 ሜትር በላይ እንዳይሠራበት የሚያስጠነቅቅ ምልክት ይለጠፋል። ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል የሳሳ በመሆኑ ሙቀትን በሚገባ አይወስድም። ቆላማው የስማዳ ክፍል ደግሞ ራሱ ሞቃት ነው። ስለሆነም ሪሲቨሩን በቡፌ ውስጥ አፍኖ መዝጋት፣ በላዩም ላይ ዳንቴል ማልበስ ዕድሜውን ማሳጠር ነው። የላይኛው ቀዳዳው ይተንፍስ።

ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ባዶ የሆነ ክፍል ድምፅ ያስተጋባል። ምንጣፍ፣ መጋረጃና መጅሊስ ይህን ይቀንሳሉ። የክረምት ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ድምፅ በመጨመር ከመታገል ኮርኒስ መምታት ይሻላል።

የጆሮ ጤናና የጎረቤት ሐቅ

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት 80 ዴሲቤል፣ ለልጆች ደግሞ 75 ዴሲቤል እንዳይታለፍ ይመክራል። በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። በአንድ ክፍል ውስጥ ለመነጋገር መጮኽ ካስፈለጋችሁ ድምፁ በዝቷል ማለት ነው። ጎርናና ድምፅ ደግሞ የጭቃ ግድግዳ ዘልቆ የጎረቤትን ሕፃን ይቀሰቅሳል። ስለዚህ ያን ሳጥን ከጋራ ግድግዳ አርቁት፤ ሌሊትም ዝቅ አድርጉት።

ውድ አንባቢያን፣ አምስት ደካማ ስፒከር ከመግዛት ሁለት ጥሩ ስፒከር ገዝቶ መጀመር ይመረጣል፤ ሪሲቨሩ ቦታ ካለው ሌሎቹ በየጊዜው ይጨመራሉ። መብራት ላልደረሰበት ቤትም በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ጥሩ ሬዲዮ ይበቃል። ሻጩ ከፍቶ ለማሰማት ፈቃደኛ ካልሆነ ግን ገንዘባችሁን ይዛችሁ ወደ ቀጣዩ መደብር እለፉ።