ጋዜጣ በክፍል ውስጥ ስለሚሰጠው ጥቅም

ትምህርት ከመጽሐፍ ብቻ የሚገኝ ለሚመስለው ሰው፣ ጋዜጣ ሥራ ፈት የሚያነበው፣ ቀኑ ያለፈበት እንደ ሆነም የቆሎና የለውዝ መጠቅለያ የሚሆን ወረቀት ነው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የመማሪያ መጽሐፍ ቀድሞ የተረጋገጠውን ዕውቀት ያስተምረናል፤ ጋዜጣ ደግሞ ያ ዕውቀት በዕለት ኑሮአችን ምን እንደሚጠቅም ያሳየናል።

ይህ አሳብ የዛሬ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ በፖርትላንድ ከተማ ይታተም የነበረ አንድ ጋዜጣ፣ ተማሪዎች በጋዜጣ እንዲማሩ በ1795 እ.ኤ.አ. አሳስቦ ነበር። በአገራችንም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን «አእምሮ» የተባለው ጋዜጣ መጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ ይታደል ነበር። በ1917 ዓ.ም. «ብርሃንና ሰላም» ተከተለ። ጠላት ከወጣ በኋላም ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. «አዲስ ዘመን» መታተም ጀመረ፤ እስከ ዛሬም አለ። እነዚህን ስሞች ልብ ብሎ የሚመለከት ሰው፣ አባቶቻችን ጋዜጣን ከወሬ ይልቅ ከዕውቀት ጋር ያዛምዱት እንደ ነበር ይረዳል።

እንግዲህ በክፍል ውስጥ እንዴት እንጠቀምበት?

አንደኛ፤ በአማርኛ ትምህርት ነው። ዜና ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምንና እንዴት ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ ይሰጣል። ርእሰ አንቀጽ የጋዜጣውን አቋም ይገልጣል። ማስታወቂያ ግን ገንዘብ የተከፈለበት ነው። ተማሪዎች በአንድ ገጽ ላይ የተፈጸመውን ነገር በሰማያዊ፣ አስተያየቱን በቀይ ቢያሰምሩበት፣ ሁለቱ ምን ያህል ተደባልቀው እንደሚቀርቡ ያያሉ።

ሁለተኛ፤ በሒሳብ ትምህርት ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በጥር ወር 2015 ዓ.ም. ሲነገር፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚህ ቁጥር አንዱ ተማሪ «ከመቶው ሦስት ያህሉ አለፉ» የሚል ርእስ፣ ሌላው «ከመቶው ዘጠና ሰባት ያህሉ ወደቁ» የሚል ርእስ ይጻፍ። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ በአንባቢው ልብ የሚያሳድሩት ስሜት ግን አንድ አይደለም። ቀጥሎም መምህሩ «ቁጥሩ ያልነገረን ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ከተፈታኞቹ ስንቱ በቂ መጽሐፍ፣ ስንቱስ ቤተ ሙከራ ነበረው? ይህ ፈተና እኛንም የሚጠብቀን ስለ ሆነ ጥያቄው የባዕድ ጥያቄ አይደለም።

ሦስተኛ፤ ያነበቡትን በዓይን መመርመር ነው። የሽንኩርት ዋጋ በጋዜጣ ሲወጣ፣ አዲሱ ገበያ ድረስ ሄደን ነጋዴዎችን ጠይቀን ማወዳደር እንችላለን። ልዩነት የተገኘ እንደ ሆነ፣ ምክንያቱን መፈለግ ራሱ ትምህርት ነው።

አራተኛ፤ በታሪክ ትምህርት ነው። በስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ውስጥ የድሮ ጋዜጦች ተጠብቀው ይገኛሉ። እነርሱን ያነበበ ተማሪ፣ የዘመኑ ሰው ነገ የሚሆነውን ሳያውቅ ምን ያስብ እንደ ነበር ይገነዘባል።

ነገር ግን በጋዜጣ የወጣ ሁሉ ይታመን ማለቴ አይደለም። ጋዜጣ ባለቤት አለው፤ «አዲስ ዘመን» የመንግሥት ነው፤ «ሪፖርተር» የግል ነው። ስለዚህ አንድን ነገር ከሁለቱም ማንበብ ይገባል። ቢሆንም ጋዜጣ አሳታሚው፣ አድራሻውና ቀኑ የታወቀ በመሆኑ፣ ቢሳሳት የሚጠየቅ አለ። በስልካችን ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው የቴሌግራም ወሬ ግን ብዙ ጊዜ ማን እንደ ጻፈው እንኳ አይታወቅም። እንዲህ ያለው ወሬ ጎረቤትን ከጎረቤት ሊያጣላ ይችላልና፣ ማጣራትን በክፍል ውስጥ መልመድ ከማርክ የሚበልጥ ጥቅም አለው።

ምናልባት «ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ለአንድ ክፍል በሳምንት አንድ ጋዜጣ ይበቃል። በአራት ኪሎ ብዙ ሰው ጋዜጣ ተከራይቶ ያነብ እንደ ነበር የታወቀ ነው፤ አንዱ ቅጂ ለብዙ አንባቢ ይደርስ ነበር። እኛም በየተራ ካነበብነው በኋላ በግድግዳ ላይ ልንለጥፈው፣ የሚኒ ሚዲያ ክበባችንም ፍሬ ነገሩን በጠዋት ሰልፍ ላይ ሊያሰማው ይችላል።

ስለዚህ የተከበራችሁ ወላጆች፣ ያነበባችሁትን ጋዜጣ ከመጣላችሁ በፊት በልጆቻችሁ እጅ ወደ ትምህርት ቤት ላኩልን። የተከበራችሁ መምህራን፣ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ፍቀዱልን። እናንተም ጓደኞቼ፣ የሰማችሁትን ለሌላ ከማስተላለፋችሁ በፊት «ማን አለ? መቼ? በምን ማስረጃ?» ብላችሁ ጠይቁ።