በምጥ ወይስ በኦፕራሲዮን? የእምነት መለኪያ አይደለም!

በመካከላችን አንዲት እህት ስትወልድ ጠያቂዎቿ «እንኳን እግዚአብሔር በሰላም አገላገለሽ» ካሏት በኋላ የሚያስከትሏት ጥያቄ አለ፤ «በምጥ ነው በኦፕራሲዮን?» መልሱ «በምጥ» ከሆነ እልልታው ይደምቃል። «በኦፕራሲዮን» ከሆነ ግን «አይዞሽ፣ በሚቀጥለው ጌታ ይረዳሻል» ትባላለች። ጤነኛ ልጅ ታቅፋ የምትጽናናው ለምንድን ነው?

ቃሉ ምን ይላል?

አንዳንድ ወገኖች ዘጸአት 1፥19ን ይዘው «እንደ ዕብራውያን ሴቶች ያለ ሐኪም እወልዳለሁ» ብለው ያውጃሉ። ነገር ግን ያን ቃል ለፈርዖን የተናገሩት አዋላጆች ናቸው፤ በሚቀጥለው ቁጥርም እግዚአብሔር ለእነዚሁ ባለሙያዎች መልካም እንዳደረገላቸው እናነባለን። ያዕቆብ አብልጦ የወደዳት ራሔል ምጥ ጸንቶባት ሞተች (ዘፍ. 35፥16-19)፤ ቃሉ ግን እምነት ጎደላት አይልም። ዘፍጥረት 3፥16ን ጠቅሰው የምጥ ማስታገሻ መድኃኒትን የሚቃወሙም አሉ። በዚያው ምዕራፍ ለአዳም የተነገረውን የፊት ላብ በትራክተር ስናቀልል ግን ማንም አልተቃወመም።

በአንድ አገር ሁለት ችግር

በሌላ ወገን ምጥን ከመፍራት ወይም ቀን ቆርጦ ለመገላገል ሲሉ ያለ ሕክምና ምክንያት ኦፕራሲዮን የሚመርጡ አሉ። ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ሊያስከትል ይችላል፤ በሚቀጥለው እርግዝና የእንግዴ ልጅ አቀማመጥ ችግር ወይም የማህፀን መተርተር አደጋን ይጨምራል። ሁሉም ነገር ደህና ከሆነ በምጥ የወለደች እናት ቶሎ ታገግማለች።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 የኦፕራሲዮን ወሊድ ከ100 ከ10 እስከ 15 ቢሆን ይበቃል ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአዲስ አበባ 21 በመቶ ገደማ፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ግን 2 በመቶ ብቻ ሆኖ አገኘው። በከተማ ሳያስፈልጋቸው የሚቀደዱ እንዳሉ ያሰጋል፤ በገጠር ደግሞ እያስፈለጋቸው የማያገኙ ብዙ እናቶች አሉ።

መዘግየት የሚያስከፍለው ዋጋ

ሕፃኑ አግድም ሲተኛ፣ እንግዴ ልጁ የማህፀንን በር ሲዘጋ፣ የልብ ምቱ ሲዳከም ወይም ምጡ አልገፋ ሲል ኦፕራሲዮን ሕይወት ያድናል። የሕፃኑ ጭንቅላት በዳሌ ውስጥ ተቀርቅሮ ምጡ ለቀናት ከዘለቀ የእናቲቱ ሥጋ ደም አጥቶ ይሞታል፤ ሽንቷም ያለ ፈቃዷ ይፈሳል። ይህ ፊስቱላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አገራችን የመጡት ዶ/ር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶ/ር ሬጅናልድ በ1974 በአዲስ አበባ የፊስቱላ ሆስፒታል የመሠረቱት እንዲህ ላሉ እናቶች ነው። ብዙዎቹ በጊዜው ሐኪም ቢያገኙ ኖሮ ለዚህ ባልደረሱ ነበር።

ባልና ሚስት ምን ያድርጉ?

• የእርግዝና ክትትል ከመጀመሪያው ጀምሩ፤ የት እንደምትወልዱም አስቀድማችሁ ወስኑ።
• ሐኪሙን «ለምን ኦፕራሲዮን? ብንጠብቅስ?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ አለማመን አይደለም።
• ከዚህ በፊት በኦፕራሲዮን የወለደች እናት በምጥ ልትወልድ ትችል ይሆናል፤ ነገር ግን ኦፕራሲዮን በሚሠራበት ሆስፒታል ይሁን።
• መኪና፣ ገንዘብና ደም የሚሰጥ ዘመድ አዘጋጁ።
• ወንድሜ ሆይ፣ ሐኪሙ «አሁኑኑ» ሲል ሽማግሌ እስኪመጣና ጸሎት እስኪያልቅ አታስጠብቅ። ባለቤትህ ትግባ፤ አንተ በበሩ ሆነህ ጸልይ።

በቤተ ክርስቲያን ምስክርነት ስንሰማም በምጥ ለወለደችውም ሆነ በኦፕራሲዮን ለተገላገለችው እኩል እልል እንበል። ሕይወትን የሚሰጥ ያው አንድ ጌታ ነውና። ትዳራችሁንና ልጆቻችሁን ይባርክ!