የዓይን ማዝና ረቂቁ ሽፋን

የሰው ገላ ከውጭው ዓለም ጋር በሚዋሰንበት ስፍራ ሁሉ፣ በቆዳም ሆነ በሳንባ፣ በአንጀትም ሆነ በዓይን ቆብ ውስጠኛ ገጽ፣ ኤፒቴሊየም የሚባል ረቂቅ የሕዋሳት ሽፋን እንደ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ዙሪያውን ከቦ ይጠብቃል፤ ሕዋሳቱም ጎን ለጎን ተያይዘው የቆሙ ስለሆኑ የሚገባውን ያስገባሉ፣ የማይገባውን ይከለክላሉ። ብዙ ደዌያት የሚጀምሩት ይህ ሽፋን ሲደፈር ነው፤ ለአገራችን ሰው ግን ትራኮማን፣ ማለትም የዓይን ማዝን፣ ያህል ቅርብ ምሳሌ አይገኝም።

በ1907 እ.ኤ.አ. ሃልበርሽቴተርና ፎን ፕሮቫዜክ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በጃቫ ደሴት ሳሉ ከታመመ ዓይን የተፋቀውን ሕዋስ ቀለም አጠጥተው በአጉሊ መነጽር ቢመረምሩት፣ በአስኳሉ አጠገብ የተከማቹ ጥቃቅን ነጠብጣቦች አዩ። ነጠብጣቦቹ ዛሬ ክላሚድያ ትራኮማቲስ የምትባለው ባክቴርያ ክምችት ነበሩ፤ ይህች ባክቴርያ ከሕያው ሕዋስ ውጭ መራባት አይቻላትም፤ ስለዚህ በሽፋኑ ሕዋስ ገብታ፣ በከረጢት ተሸሽጋ፣ ሁለት ሦስት ቀን ከተባዛች በኋላ ሕዋሱን አፍርሳ ወደ ጎረቤቱ ትሻገራለች።

እጅግ የሚያሳዝነው ግን ዓይንን የምታጠፋው ባክቴርያዋ ብቻዋን አለመሆኗ ነው። የተደፈረው ሕዋስ ዝም ብሎ አይሞትም፤ ነጭ የደም ሕዋሳትን የሚጠሩ ንጥረ ነገሮች ያመነጫል፣ ቆቡም ይቀላል፣ ያብጣል። ይህ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ኖሮ በሻረ ነበር። ሕፃኑ ግን ከወንድሙ እጅ፣ ፊቱ ከታበሰበት ጨርቅ፣ ዓይኑ ላይ ከሚያርፈው ዝንብ እየተቀበለ ደጋግሞ ሲለከፍ፣ ሽፋኑ በታደሰ ቁጥር ይቆስላል፤ በሥሩም ጠባሳ እየተደራረበ የቆቡን ጫፍ ወደ ውስጥ ይስባል። ከብዙ ዓመታት በኋላ ሽፋሽፍቱ ተቀልብሶ፣ ሰውየው ዓይኑን ባርገበገበ ቁጥር፣ በብሌኑ ፊት ያለውን ጥርት ያለ ሽፋን ይፍቃል፤ የተፋቀውም ስፍራ ለሌላ ተሕዋስ በር ይከፍታል፣ ውሎ አድሮም ይነጣል።

ሕመሙ በዓለም እጅግ ከበረታባቸው ስፍራዎች አንዱ የአማራ ክልል ነው። ለመንደሩ ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ የሚታደለው አዚትሮማይሲን ባክቴርያዋን ይገድላል፣ የሕፃናት ፊት መታጠብም መተላለፏን ይቀንሳል፤ ጠባሳውን ግን ሁለቱም አይፍቁትም። ሕፃናትን ስለሚያሳድጉ ይበልጥ የሚጠቁት እናቶች በወረንጦ የሚነቅሉት የተቀለበሰ ሽፋሽፍት፣ አጭርና ጠንካራ ሆኖ ሲበቅል ከፊተኛው ብሶ ይወጋል። በጤና ጣቢያ የሚደረገው አነስተኛ ቀዶ ሕክምና የቆቡን ጫፍ ወደ ውጭ መልሶ ፍትጊያውን ያስቆማል፤ አስቀድሞ የነጣውን የብሌን ሽፋን ግን ስለማያጠራው፣ ወረንጦ የያዘች እናት ዓይኗ ገና ሳይነጣ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባታል።